ከደብሊውኤስዲኤልና ከኤክስኤስዲ ኮድ ስታወጡ ሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ድሬ ላይ ሶፍትዌር ለምትሰሩ ልጆች ነው ምጽፈው፣ ሀረር ያላችሁም ያው ናችሁ። ትራንዚት ቢሮ ይሁን መጋዘን ወይ ከጅቡቲ እቃ ሚያስገባ ነጋዴ፣ ሲስተም አሰርቶ ከሌላ ትልቅ ድርጅት ሲስተም ጋር ይገናኝልኝ ሲል ያ ድርጅት ያለው ሶፕ ሰርቪስ (ሲስተሞች በኤክስኤምኤል መልእክት ሚላላኩበት) ከሆነ አንድ የደብሊውኤስዲኤል ሊንክ (ሰርቪሱ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ሚገልጽ ፋይል) ይላክላችሁና በቃ ተገናኙ ትባላላችሁ። ከዛ በኋላ ያለው የነ ደብሊውኤስኢምፖርት፣ ኤክስጄሲ፣ ኤክስኤስዲ ዶት ኢኤክስኢ፣ ኤስቪሲዩቲል ስራ ነው። እነዚ ከደብሊውኤስዲኤልና ከኤክስኤስዲ (የዳታውን ቅርጽ ሚገልጸው ስኪማ) ኮድ ሚያወጡ ቱሎች ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የጃቫ፣ የኋለኞቹ ሁለት የማይክሮሶፍት።

ወደ ችግሮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፣ ቱሉ ያወጣውን ኮድ በእጃችሁ አትነካኩ። ኤረር ሲመጣ ፋይሉን ከፍቶ አንድ መስመር መቀየር በጣም ያጓጓል፣ ግን ሰርቪሱ ነገ ሲቀየር ኮማንዱን ድጋሚ ስታስኬዱት ያስተካከላችሁት ሁሉ ይጠፋል፣ እናንተ በሌላችሁበት ሌላ ልጅ ካስኬደው ደሞ ምን እንደጠፋ እንኳን አያውቅም። ማስተካከል ያለባችሁ ኮዱ የወጣበትን ነገር ነው፣ ማለትም ኮምፒውተሩን፣ ስኪማውን ወይ ኮማንዱን። ኮማንዱን ደሞ በስክሪፕት ፋይል ጽፋችሁ ከፕሮጀክቱ ጋር ጊት ውስጥ አስቀምጡት።

ችግር፦ ኮማንዱ አይታወቅም ይላል

ጃቫ ከሆነ መጀመሪያ ቨርዥኑን እዩ። ደብሊውኤስኢምፖርትና ኤክስጄሲ ከጃቫ 6 ጀምሮ ከጄዲኬው (የጃቫ መስሪያ ፓኬጅ) ጋር አብረው ይመጡ ነበር፣ 2018 ላይ የወጣው ጃቫ 11 ግን ጭራሽ አውጥቷቸዋል። ስለዚ ጃቫ 17 ጭናችሁ ፎልደሩን ብትፈልጉ አታገኙትም፣ ፓዝ ማስተካከልም ዋጋ የለውም። ወይ ለዚ ስራ ብቻ ጃቫ 8 ለብቻው አስቀምጡ ወይ ደሞ የሜቨን (የጃቫ ፕሮጀክት መገንቢያ ቱል) ፕለጊን ተጠቀሙ፣ እኔ ፕለጊኑን ነው ምመክረው ምክንያቱም በማንም ኮምፒውተር ላይ አንድ አይነት ኮድ ያወጣል። እዚ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ የፕለጊኑ አዲሶቹ ቨርዥኖች ላይ ከ3 ጀምሮ የፓኬጁ ስም ከጃቫኤክስ ወደ ጃካርታ ተቀይሯል። ፕሮጀክታችሁ አሮጌውን እየተጠቀመ ኮዱን በአዲሱ ካወጣችሁት ክላስ አልተገኘም ምናምን ማለት ይጀምራል፣ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

በማይክሮሶፍት በኩል ኤክስኤስዲ ዶት ኢኤክስኢ በተራው ኮማንድ ፕሮምፕት ላይገኝ ይችላል፣ ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር ሚመጣውን ዴቨሎፐር ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ። ዶትኔት ኤስቪሲዩቲልን በግሎባል ቱልነት ጭናችሁ ሊኑክስ ላይ አልታወቀም ካለ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ዶት ዶትኔት ሚለው ስር ያለውን ቱልስ ፎልደር ፓዝ ላይ ጨምሩት።

ችግር፦ ደብሊውኤስዲኤሉን ማንበብ አልቻልኩም፣ ወይም ፕሮሎግ ውስጥ ኮንተንት አይፈቀድም

ብዙ ሰው እዚ ጋ ስኪማው ተበላሽቷል ብሎ ለላኪው ኢሜይል ይጽፋል። መጀመሪያ የወረደውን ፋይል በኖትፓድ ክፈቱት፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ኤክስኤምኤል ሳይሆን የሎጊን ገጽ ወይ የፕሮክሲ ኤረር ገጽ ነው። ሊንኩ መጨረሻ ላይ ጥያቄ ምልክትና ደብሊውኤስዲኤል ሚለው መኖሩንም እዩ።

ሌላው ኔትወርክ ነው። አንድ ደብሊውኤስዲኤል ሌሎች ብዙ ኤክስኤስዲዎችን ኢምፖርት ያደርጋል፣ ኮኔክሽን መሀል ላይ ሲቋረጥ አንዱ ሳይወርድ ይቀርና ኤረሩ ስለ አንድ የጠፋ ታይፕ ያወራል እንጂ ስለ ኔትወርክ አይነግራችሁም። ሁሉንም ፋይል አንዴ አውርዳችሁ ፕሮጀክት ውስጥ አስቀምጡና ከዛ አውጡ። ደብሊውኤስኢምፖርት ላይ ግን የፋይሉን ቦታ ኮዱ ውስጥ ስለሚጽፈው እናንተ ላፕቶፕ ላይ ሰርቶ ሰርቨር ላይ ሲገባ ፋይሉን አጣሁት ይላል፣ ለዚ ደብሊውኤስዲኤል ሎኬሽን ሚባለውን ኦፕሽን አብራችሁ ስጡት።

ጃቫ 8 ላይ ደሞ ፋይሉ እያለ "አክሰስ አልተፈቀደም" ካለ የሴኪዩሪቲ ገደብ ነው፣ ጄአርኢው ውስጥ ሊብ ፎልደር ላይ ጃክስፒ ዶት ፕሮፐርቲስ ሚባል ፋይል ፈጥራችሁ አክሰስ ኤክስተርናል ስኪማን ኦል አድርጉት።

ችግር፦ ታይፕ ጠፍቷል (ኤክስኤስዲ ዶት ኢኤክስኢ)

ይሄ ቱል ኢምፖርት የተደረጉትን ፋይሎች ራሱ ሄዶ አያመጣም። ሁሉንም ኤክስኤስዲ አንድ ኮማንድ ላይ ዘርዝሩለት፣ ከበዙ በፓራሜተር ፋይል ስጡት፣ አለቀ።

ችግር፦ ሁለት ዲክላሬሽን ኦብጀክት ፋክተሪ ላይ ተጋጨ

አንዳንዴ ራሳችሁ ያመጣችሁት ነው፣ ዳሽ ፒ (ፓኬጅ መምረጫው ኦፕሽን) ብላችሁ ሁሉንም ኔምስፔስ አንድ ፓኬጅ ውስጥ ስትከቱት ሁለት ቦታ ያለ አንድ አይነት ስም ይጋጫል። ዳሽ ፒውን አንሱት። ካልሆነ በባይንዲንግ ፋይል (ቱሉ ስም እንዴት እንደሚሰጥ ሚነግር ፋይል) አንዱን ስም ቀይሩ። አውቶ ኔም ሪዞሉሽን ሚባል ኦፕሽንም አለ፣ እኔ ግን ለትልቅ ስራ አልወደውም፣ ራሱ ሚሰጠው ስም ለሚቀጥለው ሰው ምንም አይነግረውም።

ችግር፦ አርፒሲ ኢንኮድድ አልደግፍም ይላል

አሮጌ ሰርቪስ ነው፣ አርፒሲ ኢንኮድድ የድሮ የሶፕ መልእክት አጻጻፍ ነው። ደብሊውኤስኢምፖርት አያወጣውም፣ ጊዜ አታባክኑ። በአክሲስ 1 (የድሮ የጃቫ ሶፕ ቱል) አውጡት ወይ ላኪውን ዶክዩመንት ሊተራል ቨርዥን ካለው ጠይቁት።

ችግር፦ ዋጋውን ሞልቼ ልኬ አልደረሰም

ይሄ በጣም ያደክማል ምክንያቱም ምንም ኤረር የለም። ሲሻርፕ ላይ የጭነቱን ክብደት ሞላችሁ፣ ላካችሁ፣ ተቀባዩ ጋ ክብደት ሚባል ነገር የለም። ምክንያቱ ስኪማው ላይ ሚን ኦከርስ ዜሮ የሆነ (ማለትም ባይላክም ሚፈቀድ) ቁጥር፣ ቀን ወይ ቡሊያን ሲኖር ቱሉ ከጎኑ መጨረሻው ስፔሲፋይድ ሚል ሌላ ፊልድ ያወጣል፣ እሱን ትሩ ካላላችሁት ዋጋው አይላክም። ክላሶቹ ፓርሻል (ከአንድ በላይ ፋይል ላይ ሚጻፉ) ስለሆኑ በራሳችሁ ፋይል ውስጥ ሁለቱን አንድ ላይ ሚሞላ ሜቶድ ጻፉና ሁሌ በሱ በኩል ሙሉ፣ የወጣው ፋይል ሳይነካ ይቀራል።

ችግር፦ ቀኑን አልተቀበለም፣ ወይም ተቀብሎ የተሳሳተ ቀን ሆነ

አቦ ይሄን ደህና አድርጋችሁ አንብቡት። ኤክስኤስዲ ላይ ዴት ሚባለው ታይፕ የፈረንጅ ካላንደር ብቻ ነው ሚያውቀው። የኛን ቀን እንዳለ ብትልኩት አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፣ አደጋውም እሱ ነው። ለምሳሌ ህዳር 5 ቀን 2016ን 2016-03-05 ብላችሁ ብትልኩት ምንም አይልም፣ እዛ ጋ ሚመዘገበው ግን የፈረንጅ ማርች 5 ቀን 2016 ነው፣ ትክክለኛው ኖቬምበር 15 ቀን 2023 መሆን ሲገባው። ከሰባት አመት በላይ ወደኋላ የሄደ ዲክላራሲዮን ማለት ነው! ጥቅምት 30 ላይ ግን 02-30 ስለሚሆን ትክክለኛ ቀን አይደለም ብሎ ይመልሰዋል፣ ጳጉሜ ላይ ደሞ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ይመልሰዋል። ስለዚ "ወሩን ሙሉ ሲሰራ ነበር ዛሬ ብቻ እምቢ አለ" ካሏችሁና ቀኑ ጥቅምት 30 ወይ ጳጉሜ ከሆነ ሰርቨሩን ተዉት፣ ከዛ በፊት የተላከውም ሁሉ ስህተት ነው ማለት ነው፣ እሱን መመርመር አለባችሁ።

መፍትሄው ከመላኩ በፊት መቀየር ነው። ጃቫ ራሱ የኛን ካላንደር አያውቅም፣ አይሲዩ ፎር ጄ ወይ ጆዳ ታይም ሚባሉት ላይብረሪዎች ግን ኢትዮፒክ ካላንደር አላቸው፣ በእጃችሁ ስምንት አመት አትደምሩ፣ እንደ ወሩ ሰባት ወይ ስምንት ስለሚሆን። ስኪማውን ምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ ደሞ የኛን ቀን ለማስቀመጥ ስትሪንግ ከፓተርን ጋር አድርጉት፣ ዴት አትበሉት።

ቀኑ በአንድ ቀን ብቻ ወደኋላ ካለ ሌላ ነው፣ ታይምዞን። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰአት ስለምንቀድም የኛ እኩለ ሌሊት እዛ የትናንት 21 ሰአት ነው። ጃቫ ላይ ኤክስኤምኤል ግሪጎሪያን ካላንደሩ ታይምዞን እንዳይኖረው ፊልድ አንዲፋይንድ አድርጉት፣ ቀን ብቻ ይሄዳል።

ችግር፦ አማርኛው ጥያቄ ምልክት ሆነ

አድራሻ ላይ ከዚራ ወይ ጀጎል ብላችሁ የላካችሁት ተቀባዩ ጋ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ወይ ስኪማው ላይ ያለው የአማርኛ ማብራሪያ ኮዱ ውስጥ ከተበላሸ ኢንኮዲንግ ነው። ጃቫ ከ18 በፊት የዊንዶውሱን ኢንኮዲንግ ነው ሚወስደው፣ ስለዚ ኮዱን ስታወጡም ኮምፓይል ስታደርጉም ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 በሉት፣ አንዱ ላይ ብቻ ማድረግ አይበቃም። የኤክስኤምኤሉ የመጀመሪያ መስመር ዩቲኤፍ 8 እያለ ፋይሉ በሌላ ሴቭ ከተደረገም ያው ነው፣ በኖትፓድ ሴቭ አዝ ብላችሁ ከታች ያለውን ኢንኮዲንግ ቀይሩት። ከዛ አንድ የአማርኛ ስም ያለው ሙከራ ላኩና ተቀባዩ ጋ ያለው ሰው ያየውን ስክሪንሾት አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፣ እናንተ ስክሪን ላይ በትክክል መታየቱ ብቻውን እዛ በትክክል መድረሱን አያሳይም።