በድረ ገጽ ሠንጠረዥ ውስጥ የዋጋ ዓምድን በትክክል እንዴት ማሰለፍ ይቻላል

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ሰዎች ቤታቸውን ለማስጨረስ ሲነሡ አስቀድመው የሚያጠያይቁት የሲሚንቶ፣ የሴራሚክ፣ የቀለምና የሚስማር ዋጋ ነው። በዚያ ሰፈር የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ የዋጋ ዝርዝሩን በድረ ገጽ ለማውጣት ቢፈልግ፣ የዕቃውን ስም፣ መለኪያውንና ዋጋውን የያዘ ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ይበቃዋል። ሠንጠረዡን የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ በሆነው በኤችቲኤምኤል መጻፉ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የዋጋው ዓምድ ብቻ ወደ ቀኝ እንዲጠጋ ማድረጉ ነው፤ ምክንያቱም ብራውዘር ጽሑፍን ሲያሰልፍ የሚያየው ረድፍንና በረድፉ ውስጥ ያለውን ሴል (አንዱን ሳጥን) እንጂ ዓምድን አይደለም። በኮድ ውስጥ በላቲን ፊደል የሚጻፉት ስሞች ከዚህ በታች የሰፈሩት እንደ አነባበባቸው ነው።

በመጀመሪያ የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር የዶክታይፕ መግለጫ፣ ማለትም ገጹ በኤችቲኤምኤል መጻፉን ለብራውዘሩ የሚነግረው መስመር፣ መሆኑን ያረጋግጡ። መግለጫው ከሌለ ብራውዘሩ የድሮ ገጾች እንዳይበላሹ ሲባል ወደ ቆየው አሠራር ይመለሳል፤ በዚያ አሠራር ደግሞ ሠንጠረዥ ከገጹ የፊደል መጠንንም ሆነ አሰላለፍን ስለማይወርስ፣ ለገጹ በሙሉ የሰጡት ትእዛዝ ሠንጠረዡ ውስጥ አይሠራም።

ቀጥሎ ምንም ሳይጨምሩ ሠንጠረዡን ከፍተው ይመልከቱት። የርእስ ሴል የሆነው ቲኤች ደምቆ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ተራው ሴል ቲዲ ግን ጽሑፉ ከሚጀምርበት ጎን፣ ለአማርኛ ከግራ፣ ይነሣል። ሁለቱም ከብራውዘሩ ነባር ደንብ የመጡ ናቸው። ርእሱ መሐል የሚቆመው ግን ከበላዩ ያለው ኤለመንት (የገጹ ክፍል፣ ለምሳሌ ረድፉ ወይም ሠንጠረዡ) የተለየ አሰላለፍ ካልተሰጠው ብቻ ስለሆነ፣ ለመላው ሠንጠረዥ ጽሑፍን ወደ ቀኝ የሚያስጠጋውን ቴክስት-አላይን ራይት ቢያዝዙ ርእሶቹም ተከትለው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። የዕቃው ስምም አብሮ ስለሚሄድ ይህ መፍትሔ አይሆንም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ለዓምድ ተብሎ የተፈጠረ ኮል የሚባል ኤለመንት ስላለ፣ ብዙ ሰው ትእዛዙን እዚያ ላይ ጽፎ ለምን እንዳልሠራ ይገረማል። ግርምቱ ተገቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤችቲኤምኤል 4 ለኮል የአሰላለፍ መግለጫ ፈቅዶ ነበር፤ የቆዩት የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ዕትሞችም ይቀበሉት ነበር። የገጽን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ሕግ ግን አሰላለፍ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ነገር ነው፤ የሴል ወላጅ ደግሞ ረድፉ፣ ማለትም ቲአር፣ እንጂ ኮል አይደለም። ስለዚህ ኮል ለሴሎቹ ምንም አያወርስም። ሲኤስኤስ 2.1 ለዓምድ የፈቀደው አራት ነገር ብቻ ነው፤ እነርሱም ድንበር፣ የጀርባ ቀለም፣ ስፋትና መታየት ወይም አለመታየት ናቸው። በኋላ የመጣው ኤችቲኤምኤል 5 ደግሞ የድሮውን መግለጫ ጊዜው ያለፈበት ብሎታል።

እንግዲህ ትእዛዙን ለሴሎቹ ራሳቸው ይስጡ። አጭሩ መንገድ በሲኤስኤስ ፋይሉ ውስጥ ኤንዝ-ቻይልድ የተባለውን መምረጫ ከቁጥር 3 ጋር ለቲዲም ለቲኤችም ጽፎ፣ ቴክስት-አላይንን ኤንድ (ጽሑፉ የሚያልቅበት ጎን፣ ለአማርኛ ቀኝ) ማለት ነው። ርእሱን መርሳት አይገባም፤ ቁጥሮቹ ቀኝ ዳር ተሰልፈው ርእሱ መሐል ሲቀር ዓምዱ የተሰበረ ይመስላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ይህ መምረጫ የሚቆጥረው በረድፉ ውስጥ ያሉትን ሴሎች ነው። በመጨረሻው ረድፍ «ጠቅላላ ድምር» የሚለው ሴል በኮልስፓን ሁለት ዓምድ ከያዘ፣ የድምሩ ቁጥር ሁለተኛ ሴል ሆኖ ይቆጠርና ትእዛዙ ያልፈዋል። እንዲህ ያለ ረድፍ ካለ ለዋጋ ሴሎች በሙሉ አንድ የክላስ ስም (የጋራ መለያ) ሰጥቶ ትእዛዙን በዚያ ስም መጻፍ ይሻላል፤ ትንሽ ቢያደክምም አስተማማኝ ነው።

ወደ ቀኝ መጠጋት ብቻውን ነጥብን ከነጥብ በታች አያውልም። 95.5 እና 1,250 በቀኝ ቢሰለፉ ሳንቲሙ ከብሩ ሥር ይገባል። በነጥብ ማሰለፍ በኤችቲኤምኤል 4 ተጽፎ ነበር፤ ብራውዘሮች ግን ሥራ ላይ ስላላዋሉት መፍትሔው ሁሉንም ዋጋ በሁለት የሳንቲም አኃዝ፣ 95.50 እና 1,250.00 ብሎ መጻፍ ነው። ፎንቱ የሚደግፈው ከሆነ ፎንት-ቫሪያንት-ኒውመሪክን ታቡላር-ነምስ ብለው ያዝዙ፤ ያኔ 1 እና 8 እኩል ስፋት ይይዛሉ። ዋጋን በግእዝ አኃዝ ለማውጣት የሚያስብ ካለ ግን ይህ ሁሉ አይረዳውም፤ ፺፱ ሁለት ምልክት ሲሆን የሚበልጠው ፻ አንድ ምልክት ብቻ ነው።

የዕቃው ስም ረዝሞ ሁለት መስመር ሲሆን ዋጋው በሁለቱ መስመሮች መካከል ተንሳፍፎ ይታያል። ብራውዘሩ ረድፎቹን የሚያቅፈውን ቲቦዲን በቁመት መሐል እንዲቆም ስላዘዘውና ሴሎቹም ከዚያ ስለሚወርሱ ነው። የመጀመሪያ መስመሮቹን እኩል የሚያሰልፈውን ቨርቲካል-አላይን ቤዝላይን በቲቦዲ ላይ ይጻፉ፤ ቴብል (ሠንጠረዡ ራሱ) ላይ ቢጽፉት ብራውዘሩ ራሱ በመካከል የሚያስገባው ቲቦዲ ስለሚሽረው ለውጥ አያዩም። የስሙን ዓምድ በጀስቲፋይ ከሁለቱም ዳር ለማስተካከል አይሞክሩ፤ የአማርኛ ቃላት ረጃጅም ስለሆኑ በጠባብ ሴል ውስጥ በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል።

በመጨረሻ ገጹን በስልክ ይክፈቱት፤ አብዛኛው ደንበኛ የሚያየው በዚያ ነው። «ብር» የሚለውን ቃል ከየሴሉ አውጥተው ርእሱ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፉ፤ ለመለኪያው ዓምድም ኋይት-ስፔስን ኖራፕ በማድረግ «50 ኪሎ» ከሁለት እንዳይከፈል ያድርጉ።