የሳንባ ራጅ በሚያነብ ሞዴል ማብራሪያ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የደረት ራጅ አይቶ «የሳንባ ምች አለ» የሚል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ምክንያቱን ማሳየት እንዳለበት ሁላችንም እንስማማለን። ችግሩ የሚጀምረው ማብራሪያው ከወጣ በኋላ፣ በአነባበቡ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚያሰለቸኝ ስህተት፣ የግራድ-ካም (ለሞዴሉ ውሳኔ የጠቀመውን የምስሉን ክፍል በቀለም ካርታ የሚያሳይ ዘዴ) ቀይ ቀለም ሳንባው ላይ ስላረፈ ብቻ «ሞዴሉ በትክክል አይቷል» ብሎ መደምደም ነው። ካርታው የሚነግረን ለውሳኔው ክብደት የተሰጠው የምስሉ ክፍል የቱ እንደሆነ እንጂ ሞዴሉ እዚያ ምን እንዳገኘ አይደለም። በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር የሚጠራቀምበትን ኒሞቶራክስን እንውሰድ። በሥልጠና ምስሎች ውስጥ ካሉት ሕሙማን ብዙዎቹ አየሩን የሚያስወጣ ቱቦ ቀድሞ ስለገባላቸው፣ ሞዴሉ በሽታውን ትቶ ቱቦውን መለየት ሊማር ይችላል። ቱቦው ያለው ደረት ውስጥ ስለሆነ ካርታው እጅግ ያማረ ይመስላል፤ ገና ያልታከመውን፣ ማለትም ምርመራው በእርግጥ የሚያስፈልገውን ሰው ግን ሞዴሉ ያልፈዋል። መፍትሔው ቱቦ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ምስሎች ለይቶ ውጤቱን ለየብቻ መለካት ነው፤ ይህን ሥራ ምንም ያህል ያማረ ካርታ አይተካውም።

ሞዴሉ የተሳካለትን ምስል ብቻ መርጦ ማቅረብም ማብራሪያ አይባልም፤ የተሳሳተባቸውም ይታዩ።

ካርታውን እንደ በሽታው ድንበር መቁጠር ሌላው ስህተት ነው። ዴንስኔት-121 የተባለው ምስል አንባቢ ሞዴል በ224 በ224 ፒክስል ምስል ላይ ሲሠራ፣ ግራድ-ካም ብዙውን ጊዜ የሚወሰድበት የመጨረሻው ንብርብር 7 በ7 ክፍሎች ብቻ አሉት፤ ስለዚህ የምናየው ለስላሳ ጠርዝ ይህ ትንሽ ካርታ ወደ ራጁ መጠን ሲለጠጥ የተፈጠረ ነው። በዚህ ካርታ የትንሽ እባጭን መጠን መለካት አይቻልም።

ማብራሪያው ራሱ ሳይፈተሽ መታመን የለበትም። በ2018 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት የሞዴሉን የተማሩ ክብደቶች (በሥልጠና ያገኛቸውን ቁጥሮች) በዘፈቀደ ቁጥሮች ሲተካ፣ ጋይድድ ባክፕሮፓጌሽን የተባለ ሌላ የማብራሪያ ዘዴ የሚሰጠው ምስል እምብዛም እንደማይለወጥ፣ ማለትም ሞዴሉ የተማረውን በደንብ እንደማያንጸባርቅ አሳይቷል፤ ግራድ-ካም ይህን ፈተና አልፏል። ፈተናው ብዙ ጊዜ ስለማይወስድ የሚዘለልበት ምክንያት አይታየኝም። ላይም (LIME) የተባለው የማብራሪያ ዘዴ ደግሞ በዘፈቀደ ናሙና ላይ ስለሚመሠረት ደጋግሞ ማስኬድና መልሶቹን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የዳታ ጉድለትንም ማብራሪያ አያክመውም። ቼስትኤክስሬይ14 የተባለው የደረት ራጅ ስብስብ 112,120 ምስሎች ቢኖሩትም ሕሙማኑ 30,805 ናቸው፤ ለሥልጠናና ለፈተና የሚደረገው ክፍፍል በምስል እንጂ በታካሚ ካልሆነ ሞዴሉ የሚያውቃቸውን ሰዎች እየተፈተነ ነው። በኮቪድ-19 ወቅት አንዳንዶች የሕፃናትን ራጅ ከኮቪድ ነፃ ለሆኑት፣ የአዋቂዎችን ለታመሙት ምሳሌ አድርገው ሲያሠለጥኑ፣ ሞዴሉ ዕድሜን ቢለይም ውጤቱ የበሽታ ምርመራ ተብሎ ተቆጠረ።

በመጨረሻም፣ ራዲዮሎጂስቱ የራሱን ንባብ ሳይመዘግብ ካርታውን አታሳዩት፤ ዓይኑ ወደ ቀዩ ቀለም ከተሳበ በኋላ የሚሰጠው አስተያየት ለሞዴሉ ገለልተኛ መመዘኛ ሊሆን አይችልም።