መድኃኒቱ ምርቱን ሲያግድ፦ ሞዴል ስንሠራ ማስወገድ ያለብን ስህተቶች

የወሎ ደጋ እንቅርትን ድሮም ያውቀዋል። እንቅርት ሲቆይ ደግሞ ሆርሞን ከልክ በላይ ማምረት ሊጀምር ይችላል። አንዲት እናት ከወረኢሉ ደሴ መጥታ ፒቲዩ (የሆርሞኑን ምርት የሚያግድ መድኃኒት) ይታዘዝላታል እንበል። ሳምንት ውጣ «ልቤ አሁንም በኃይል ይመታል፣ መድኃኒቱ አልያዘልኝም» ብላ ታቆመዋለች። የሆርሞኑን መጠን ከቀን ቀን በሒሳብ የሚተነብይ ጥሩ ሞዴል ግን የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ እንደሚሆን ቀድሞ ማሳየት ነበረበት።

ትልቁ ስህተት የሆርሞኑን መጠን በቀጥታ ከመድኃኒቱ መጠን ጋር ማሰር ነው። ፒቲዩ ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃዋል፤ ቲ4 የተባለው የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ዋና ሆርሞን ግን በጤነኛ ሰው 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። መድኃኒቱ የሚያግደው ምርቱን ነው፣ ደም ውስጥ ያለውን አይጠርግም። ውሃ ስለጠፋ ሮቶው ወዲያው ባዶ አይሆንም አይደል? ስለዚህ የሚመረተውንና የሚወገደውን ለየብቻ ጻፉ፤ መድኃኒቱን ምርቱ ላይ ብቻ አስገቡት።

በቁጥር እንየው። የቲ4 መነሻ መጠን 100 ይሁን፣ ምርቱ በግማሽ ይቀንስ። መድረሻው 50 ነው፤ በ7ኛው ቀን ግን ገና 75 ላይ ነን፣ በ14ኛው 62.5።

«ዶዝ ጨምረን እናፍጥነው» የሚለውም አያስኬድም። ምርቱን ሙሉ በሙሉ ብትዘጉት እንኳ በ7ኛው ቀን 50 ላይ ናችሁ፤ ከዚያ በላይ ማፍጠን የምርት ማገጃ ሥራ አይደለም።

ክምችቱን መርሳት ደግሞ አለ፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። እጢው ውስጥ ለሳምንታት የሚበቃ የተሠራ ሆርሞን አለ። ፒቲዩ አዲስ መሥራቱን እንጂ ተሠርቶ የተቀመጠው ወደ ደም መውጣቱን አይከለክልም። ክምችቱ በሞዴሉ ውስጥ የራሱ ቦታ ከሌለው፣ ውጤቱ ከእውነተኛው ታካሚ ቀድሞ ይሮጣል።

የጤነኛ ሰው 7 ቀንም ለሁሉም አይሆንም፤ ሆርሞኑ የበዛበት ሰው ቶሎ ያስወግዳል። ቲኤስኤች (እጢውን አምርት የሚለው የአንጎል ሥር ሆርሞን) ደግሞ ቲ4 ከተስተካከለ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝቅ እንዳለ ሊቆይ ስለሚችል እሱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

የመጨረሻው የናሙና ነገር ነው። ከገጠር የሚመጣ ሰው በወር አንዴ ደም ቢሰጥ ነው። ከተረጋጋ በኋላ ያለው ቁጥር ብቻ ደግሞ ምርትን ከውገዳ አይለይም፦ በቀን 10 ተመርቶ ካለው 10 በመቶ ቢወገድም፣ 20 ተመርቶ 20 በመቶ ቢወገድም የሚረጋው ያው 100 ላይ ነው። የሚለያቸው እስኪረጋ ድረስ የሚሄድበት መንገድ ነው። ስለዚህ ለጥናት የምትመዘግቡ ከሆነ፣ የታካሚውን ትራንስፖርት ችላችሁም ቢሆን በመሀል ባሉት ሳምንታት አንድ ሁለት ናሙና ውሰዱ።