በትንሽ ስቱዲዮ እንጀራ መብላት፦ እንዴት እንደሚሰራ

ስቱዲዮ ልክፈት ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ማይክ ልግዛ?» ብሎ ነው። አልፈርድበትም። እኔም ዕቁብ ሲደርሰኝ ብሩን በሙሉ ዕቃ ላይ አፈሰስኩት። ቤት ፍለጋ ስወጣ ኪሴ ውስጥ የቀረው ለአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሰርቪስ ክፍል ብቻ የሚበቃ ነበር። ክፍሉን ያየሁት ጥር ላይ፣ እሁድ ከሰዓት ነው። ጭር ያለ፣ ደስ የሚል። ሰኔ ገባና ዝናቡ ሲወርድ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው እንኳ መስማት አቃተኝ። ያን ክረምት የከሰዓት ቀጠሮ ሁሉ ተሰረዘ። ኪራዩ ግን አልተሰረዘም።

ስለዚህ ከማይክ አንጀምርም።

1. ክፍሉን ሳትከራዩ አዳምጡት

ሦስት ጊዜ ሂዱ፤ ንጋት ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ማታ። ስልካችሁን ክፍሉ መሃል አስቀምጡና 10 ደቂቃ ቅረጹ። ከዚያ ቤታችሁ ገብታችሁ በሄድፎን ስሙት። ጆሮ ቶሎ ይለምዳል፤ ወፍጮ ቤቱን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትረሱታላችሁ። ማይክ ግን አይረሳም። ቅዳሴና አዛን ሰዓታቸው ስለሚታወቅ ቀጠሮ በነሱ ዙሪያ ይያዛል። የሚያስቸግረው ሰዓት የሌለው ነው፦ ብየዳ ቤት፣ የጎረቤት ጄነሬተር፣ የፌርማታ ጩኸት።

ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። ሶሌታ ከሆነ ኪራዩ ትንሽ ቢበልጥም ያዙት። ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒሱ የቱንም ያህል ቢያምር ክረምትን አስቡ። ያልተለሰነ ብሎኬት ድምፅ ያሾልካል፤ ሲለሰን ግን ሌላ ግድግዳ ይሆናል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ አትናቁ፣ ክብደት አለው። በቺፕውድ የተከፈለ ቢሮ ቢሰጧችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

2. ድምፅ ማገድ ሌላ፣ ኤኮ መግደል ሌላ

ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ «ሳውንድ ፕሩፍ» ይላቸዋል። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ሁለት ወር ሙሉ ከሰፈር ሱቆች የእንቁላል ትሪ ስለምን ከርሜ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ለጠፍኩት። ፎቶ ሲነሳ ስቱዲዮ ይመስላል። ውሻው ሲጮኽ ግን ያው ጩኸት ነው። በዚያ ላይ ደረቅ ካርቶን እሳት ቢነካው አስቡት። ትሪውን ነቅዬ ስፖንጅ ገዛሁ፤ ውሻው አሁንም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፖንጅ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። ሥራው ውስጥ ያለው ድምፅ ግድግዳ መትቶ እንዳይመለስ መያዝ ብቻ ነው። የሚያግደው ክብደትና ክፍተት መድፈን ነው። ስለዚህ ከበሩ ጀምሩ። ውስጡ ባዶ የሆነ በር ካለ አንድ ኤምዲኤፍ ደርቡበት፣ ዙሪያውን ጎማ ግጠሙ፣ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ዝጉ። ጣት የምታህል ቀዳዳ የከባድ ግድግዳን ልፋት ገደል ትከታለች። መስኮት ካለ ድፈኑት። ታፍናችሁ እንዳትሞቱ በየ40 ደቂቃው በሩን ከፍታችሁ አየር አስገቡ።

አሁን ወደ ኤኮው እንምጣ። አጨብጭቡ። «ጭው» የሚል ነገር ከተከተለ ክፍሉ ገና ነው። ብዙዎች በቀጭን ስፖንጅ ይሸፍኑትና ጭውታው ሲጠፋ ጨረስን ይላሉ። አልጨረሱም። የወፍራም ወንድ ድምፅ እስከ 100 ሄርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) ገደማ ይወርዳል። የ100 ሄርዝ አንድ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 3.4 ሜትር ነው። 5 ሴንቲ ስፖንጅ ለእሱ እንደሌለ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ሲሞት ወፍራሙ ብቻውን ይቀራል፤ ተራኪው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ይሄን በኋላ በኮምፒውተር አስተካክላለሁ ብላችሁ አትጽናኑ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

የሠራልኝ ነገር ርካሽ ነው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ጥልቀት ያለው የእንጨት ፍሬም አሠርቼ ከአሮጌ የጥጥ ፍራሽ በወጣ ጥጥና በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቄ ሞላሁት፤ ፊቱን አቡጀዲ ወጠርኩበት። ግድግዳው ላይ አልለጠፍኩትም፤ አንድ ጋት ያህል አርቄ ሰቀልኩት። ክፍተቱ ራሱ ይሠራል። ወፍራሞቹን ማዕዘን ላይ አቁሙ፤ ጉምጉምታው የሚከማቸው እዚያ ነው። ከተናጋሪው ጀርባ ደግሞ አንድ ደህና ጋቢ ዘርጉ። እየቀለድኩ አይደለም፣ ጋቢ ከብዙ ውድ ዕቃ ይሻላል።

መለኪያ ከፈለጋችሁ የኦዲዮ መጽሐፍ የሚቀበለው ኤሲኤክስ የሚጠይቀውን ልክ ተጠቀሙ፦ ማንም ሳይናገር የሚቀረጸው ድምፅ በሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ከ-60 ዴሲቤል በታች መሆን አለበት።

አንድ ነገር ግን በግድግዳ አይቆምም። ሁለተኛው ቤቴ ሶሌታ ነበረው፣ በሩንም አክብጄዋለሁ። አንድ ጠዋት ትረካ እየቀረጽን ወደ 4 ሰዓት ገደማ «ዱግ… ዱግ… ዱግ»። በወለሉ በኩል መጥቶ የማይክ ማቆሚያውን ይዞ ይወጣል። ጎረቤቴ ቡና እየወቀጡ ኖሯል። ሄጄ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሙቀጫው እኛ ጋ…» ብዬ ሳልጨርስ «ታዲያ ልጄ፣ ቡና ሳይወቀጥ ይጠጣል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከጎሚስታ ቤት አሮጌ ከመነዳሪ አመጣሁና አጣጥፌ ከሙቀጫው ሥር አነጠፍኩላቸው። ድምፁ ጠፋ ማለት ይቻላል። በመሬት የሚመጣ ንዝረት የሚያዘው ከምንጩ ነው። ቡናውንም ሁለተኛውን ሲኒ እሳቸው ጋ ነው የምንጠጣው።

3. ዕቃ

አንድ ማይክ፣ ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ዝግ ሄድፎን፣ አንድ ላፕቶፕ። ላፕቶፕ ያልኩት መብራት ሲሄድ ቀረጻው እንዳይሄድ ነው። ዴስክቶፕ ካላችሁ ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ከሚይዘው ባትሪ ውጭ፣ አትንኩት። ክፍላችሁ ገና ካልተስተካከለ ኮንደንሰር የሚባለውን የማይክ ዓይነት አትግዙ፤ የጎረቤትን ሬዲዮ ሳይቀር ይለቅማል። ዳይናሚክ የሚባለው ማይክ ይቅር ባይ ነው። ዳይናሚኩ ሹር ኤስኤም58 እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞኒተር ስፒከር መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ክራክ ሶፍትዌር ደንበኛ ፊት ሲዘጋ ያለውን ዝምታ አልመኝላችሁም። ሪፐር የሚባለው የመቅረጫ ሶፍትዌር ለግል ተጠቃሚና ለትንሽ ድርጅት 60 ዶላር ነው፣ 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል።

«እምምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አብዛኛውን ጊዜ የመብራቱ 50 ሄርዝ ነው። የግራውንድ ሽቦ መኖሩን በኤሌክትሪሺያን አስፈትሹ። የሶኬቱን የግራውንድ እግር ሰብሮ እምምታውን የሚያጠፋ «ባለሙያ» ካጋጠማችሁ አስወጡት፤ ሰው ይገድላል።

4. ከዘፈን ውጭ ያለውን ሥራ ፈልጉ

ሁላችንም አልበም ለመቅረጽ አልመን ነው የምንገባው። ኪራዬን የሚከፍለው ግን ንግግር ነው፦ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ትረካ፣ ፖድካስት፣ የመሥሪያ ቤት ማሠልጠኛ ቪዲዮ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ። የሦስት ቋንቋ ጥሩ አንባቢዎች ስልክ መያዝ ከአንድ ውድ ማይክ ይበልጣል። ዘፈን ወቅት አለው፤ ከእንቁጣጣሽና ከፋሲካ በፊት ይጨናነቃል፣ ከዚያ ጭር ይላል። መዝሙርና መንዙማም እንደዚያው።

ስለ በገና አንድ ነገር ልበል፣ ጾም ሲገባ መምጣቱ ስለማይቀር። 10 አውታሮቹ ሲመቱ «ዝዝዝ» የሚል ነዝናዛ ድምፅ አላቸው። ያ ድምፅ አውታሩ ሥር ከሚደረገው ቆዳ፣ ከእንዝራው፣ የሚመጣ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ብልሽት መስሎት ግማሽ ቀን ሲያጸዳው ውሎ አገኘሁት። ባለ በገናው ሰምቶ «የማንን በገና ነው የምታሰሙኝ?» አለ። ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ።

5. ገንዘብና ወረቀት

ቲን ነምበርና ደረሰኝ ከሌላችሁ የድርጅት ሥራ እርሱት። ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ዋጋ ስትተምኑ የቀረጻውን ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ። አንድ ሰዓት የተጠናቀቀ ትረካ እኔን ከቀረጻ እስከ እርማት አራትና አምስት ሰዓት ይወስድብኛል። የመጀመሪያ ዓመት በአንድ ሰዓት ሒሳብ ሠርቼ ራሴን በነፃ ቀጠርኩት።

ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። ቀሪው እስኪገባ ድረስ ደንበኛው የሚሰማው በየመሃሉ ቢፕ ያለበትን ኤምፒ3 ይሁን። አንድ ማስታወቂያ አስጨርሶ «ነገ በቴሌብር እልክልሃለሁ» ያለኝን ሰው አምኜ ዋናውን ፋይል ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማስታወቂያዬን በሬዲዮ ሰማሁት። የዚያን ቀን የታክሲዬንም የከፈልኩት ተበድሬ ነው።

እርማት ሁለት ጊዜ በነፃ፣ ከዚያ በክፍያ በሉ። ጽሑፉ ከተቀየረ እርማት ሳይሆን አዲስ ሥራ ነው። ይሄን ቀብድ ስትቀበሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስፈርሙ። እዚያው ላይ የቅጂው ባለቤት ማን እንደሆነ ይግባበት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከያኒውም የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩም የየራሳቸው መብት አላቸው፤ የሁለቱም 50 ዓመት ይቆያል። ፕሮዲውሰሩ ከፋዩ ነው ወይስ እናንተ? ዛሬ ስትስማሙ ቀላል ጥያቄ ነው፣ ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ግን ሽማግሌ ያስቀምጣል።

6. ፋይል

በ48 ኪሎሄርዝ፣ በ24 ቢት ጥራት የተቀረጸ የአንድ ማይክ አንድ ሰዓት ከ520 ሜጋባይት አይበልጥም። ስለዚህ ቦታ የለኝም አይባልም። ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ከስቱዲዮው ውጭ። እኔ የነበረኝ አንድ ሃርድ ዲስክ ነበር፤ ወድቆ ተበላሸ፣ ተራኪዋን 6 ምዕራፍ በነፃ ልታነብልኝ ለመንኳት። አነበበች። ዓይኗን ማየት ግን አልቻልኩም።

7. የቀረጻው ዕለት

ስልክ ይጥፋ፣ አምባር ይውለቅ፣ የሚንኮሻኮሽ ጃኬት ይቀየር፣ ውሃ ይቅረብ። የረሃብ ሆድ ጉርጉርታ ማይክ ላይ ይገባል፤ ደንበኛችሁ ቁርስ መብላቱን ጠይቁ።

ሥራው አልቆ ሁሉም ዕቃውን ሊሰበስብ ሲነሳ «አንድ ደቂቃ» በሉ። ማንም ሳይንቀሳቀስ የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅረጹ። ነገ ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ቃል ያወጣችሁበትን ቦታ የምትሞሉት በዚያ ዝምታ ነው፤ ባዶ ከተዋችሁት ጆሮ ወዲያው ይነቃል። ደንበኞች መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔ ሄድፎኔን አድርጌ እጄን አነሳለሁ፣ እማማ ዘነዘናውን እንዳላነሱ አረጋግጣለሁ፣ ከዚያ ቀዩን ቁልፍ እጫነዋለሁ።