ከቡጢ ለማምለጥ አንድ ስንዝር ይበቃል

ቦክስ ልማር ብሎ አዲስ የሚመጣ ልጅ ሁሉ ቡጢ ሲሰነዘርበት ወይ ዓይኑን ይጨፍናል ወይ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። «ጋሼ፣ ርቄ ብቆም አይሻልም?» ይለኛል። ርቆ የቆመ አይመታም፤ እሱም ግን ማንንም አይመታም። ስለዚህ ጓንት ከማጥለቁ በፊት ገመድ ሥር እሰደዋለሁ።

የልብስ ማስጫ ገመድ በትከሻችሁ ልክ ወጥሩ። ቀኝ እጃችሁ የሚቀናችሁ ከሆነ ግራ እግራችሁን አስቀድሙና እጆቻችሁን አገጫችሁ አጠገብ አድርጉ። ከዚያ ከገመዱ ሥር አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ብቅ እያላችሁ ወደፊት ሂዱ። ዝቅ የሚባለው በጉልበት ነው። በወገቡ የሚጎነበስ ሰው መሬት ያያል፤ መሬት የሚያይ ደግሞ ቀጣዩን ቡጢ አያይም። ሦስት ደቂቃ፣ ሦስት ዙር። ጭናችሁ ካልተቃጠለ እያጭበረበራችሁ ነው።

ቀጥሎ ጓደኛችሁ ግራ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ግንባራችሁ ይሰንዝር። ጭንቅላታችሁን ብቻ አትንቀሉ። ግራ ትከሻችሁን ወደ ውስጥ አዙሩ፣ ቀኝ ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉ። ጭንቅላታችሁ ራሱ ወደ ቀኝ ይሄድና ቡጢው ከግራ ትከሻችሁ በላይ ያልፋል። ጓንቱ ጆሯችሁን ታክኮ ካለፈ ልክ ናችሁ። ክብደታችሁ ቀኝ እግራችሁ ላይ ስላረፈ ቀኝ እጃችሁ ለመልስ ተዘጋጅቷል።

ይህንን ይዛችሁ ግን ሌላ ስፖርት ውስጥ ዘላችሁ እንዳትገቡ። እኔ ገብቼ ነበር። ከአንድ የታይላንድ ቦክስ (ሙዋይ ታይ) ሠልጣኝ ጋር ስንለማመድ እንደለመድኩት ዝቅ ስል ጉልበቱ ከታች መጥቶ አፍንጫዬን ተቀበለው። ሁለት ሳምንት በአፌ ተነፈስኩ። በእኛ ቦክስ ዝቅ ማለት የሚያዋጣው ጉልበትና እርግጫ ስለተከለከሉ ብቻ ነው። ሙዋይ ታይ የሚጫወቱት ወደ ፊታቸው የሚመጣን እርግጫ ደረታቸውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው ያሳልፉታል፤ ዝቅ ብሎ የሚመጣውን ቅልጥማቸውን አንስተው ይመክቱታል።

ጃፓናዊው ሂሮኖሪ ኦትሱካ ካራቴን ጁጂትሱ ከሚባለው የጃፓን ትግል ጋር አዋህደው በመሠረቱት ዋዶ ሪዩ በተባለው የካራቴ ስልት ደግሞ ክንድን በክንድ ከማገድ ይልቅ ሰውነትን ከምቱ መስመር ማውጣት ይቀድማል። ጃፓኖች ታይ ሳባኪ ይሉታል። የብራዚሉ የፍልሚያ ጥበብ ካፖዌራ እኔን ከሁሉም ያስቀናኛል፤ ተሽከርክሮ የሚመጣን እርግጫ በክንድ ለማቆም አይሞክሩም። ጂንጋ በሚሉት መወዛወዝ ውስጥ እንዳሉ፣ አንድ እጅ መሬት አስደግፈው ከሥሩ ይሾልኩና ከዚያው ከታች ይራገጣሉ።

ወደ ኋላ መሸሽ የሚያምርበት ቴኳንዶ ነው፤ ግማሽ እርምጃ ሸርተት ብሎ በረጅም እግር መመለስ ይቻላል። እዚያም ቢሆን ከሜዳው መስመር የወጣ ይቀጣል።

ገመዱን ለልምምድ ከመውሰዳችሁ በፊት እናታችሁን አስፈቅዱ። ባለፈው ክረምት አንዱ ተማሪዬ ያልደረቀ አንሶላ ጭቃ ላይ ጥሎ መጥቶ፣ እናቱ እኔን ፍለጋ መጡ።