የፀሐይን ጥቁር ክሮች ከስልክ ላይ ማደን

ጎጃም ውስጥ ክረምት ከገባ ፀሐይ ብርቅ ናት፤ ጮቄ ሥር ላለ ሰውማ አይወራም። ለዚህ ሥራ ግን ደመናው ምንም አያመጣም። የምንፈልገውን አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ለዓይን የማይታየውን የፀሐይ ጨረር፣ አየሩ ውጦ ስለሚያስቀረው፣ በጠራራ በጋም ቢሆን ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሞ የሚያየው የለም። ምስሉ የሚነሳው ከጠፈር ነው። ናሳ በ2002 ዓ.ም. ያመጠቀው ኤስዲኦ (SDO) የተባለ ሳተላይት ፀሐይን ቀን ከሌት ያነሳል፣ ፎቶዎቹም ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይለቀቃሉ።

የፎቶውን መጠን (በፒክስል) ምረጡ ሲላችሁ 4096ቱን አትንኩ፣ ዳታ ይበላል። ለጅምሩ 1024 ይበቃል። 304 የሚለውን ቀዩን ክፈቱ። ቁጥሩ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው፣ አንግስትሮም በሚባል በጣም ትንሽ የርዝመት መለኪያ። ቅላቱ ግን ለመለያ የተቀባ ነው እንጂ የፀሐይዋ መልክ አይደለም።

ፀሐይዋ ፊት ላይ ጠቆር ያለ፣ ረዘም ብሎ የተጣመመ መስመር ፈልጉ። ፊላመንት የሚባለው እሱ ነው። 10 ሺህ ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ጋዝ ሲሆን፣ ዙሪያውን የከበበው ኮሮና፣ ማለትም የፀሐይ የላይኛው ከባቢ አየር፣ ሚሊዮን ዲግሪ ስለሚያልፍ እሱ እዚያ ሰፈር ቀዝቃዛው ነው። ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነም ሃይድሮጅኑና ሂሊየሙ ከሥር የሚመጣውን ብርሃን ይውጡታል፤ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ያው ራሱ ፀሐይዋ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከኋላው ጥቁር ጠፈር ብቻ ስለሚሆን በ304 ያበራል፣ ስሙም ፕሮሚነንስ ይሆናል።

ሰው የሚሸወደው 193 ላይ ነው። እዚያ የኮሮና ቀዳዳ የሚባለውም ጥቁር ነው። ስለዚህ በአንድ ፎቶ አትፍረዱ። ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ 304 ላይ ደብዘዝ ይላል፤ ፊላመንቱ ግን ቀጭን ነው፣ ሁለቱም ላይ ይጠቁራል። ከዚያ 171ን ከፍታችሁ አጉሉት፦ አንድ ወፍራም መስመር የመሰለው እንደ ባዘቶ የተበጣጠሩ ቀጫጭን ክሮች ሆኖ ይታያል። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበትን የማግኔት ካርታ እዩ፤ ነጩና ጥቁሩ ተቃራኒ የማግኔት ዋልታዎች ናቸው። ፊላመንት ሁልጊዜ የሚጋደመው ነጩና ጥቁሩ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ነው። የሚሸከመው ማግኔቱ ነዋ!

ፎቶው ላይ ያለው ሰዓት ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። 3 ቀንሱለት፣ የእኛው ሰዓት ይመጣል፤ 12:00 ካለ እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አንድ አንድ ፎቶ አስቀምጡ። ፀሐይ ስለምትዞር ፊላመንቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከጠርዝ ጠርዝ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። መሃል ላይ ድንገት ከጠፋ የ48 ሰዓቱን ቪዲዮ ፈትሹ። ሞቆ ከዓይን ተሰውሮም ሊሆን ይችላል፣ ተፈናጥሮ ሄዶም ሊሆን ይችላል። ነሐሴ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. አንድ ግዙፍ ፊላመንት እንዲህ ተነቅሎ በሰከንድ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ተወርውሯል፤ ለልምምድ ከእሱ ቪዲዮ የተሻለ አላውቅም።

በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ፎቶው ግማሹ ወይም ሙሉው ጨልሞ ካገኛችሁት ስልካችሁን አትውቀሱ። ምድር በሳተላይቱና በፀሐይ መካከል ገብታ ፀሐይን ጋርዳበት ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይታችሁ ድጋሚ ክፈቱት።