ረጅም ተከታታይ የፈገግታ ምርመራ ልቦለድን እንዴት ጀምሮ ጣዕሙን ሳያጡ መዝለቅ ይቻላል?

የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ደራሲ ማሞ ውድነህ በተረጎሟቸው መጻሕፍት የለመድነው የስለላ ውጥረት ነው። ከዚህ ለየት ያለ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኮዚ» የሚሉት ለስላሳ የምርመራ ልቦለድም አለ። በዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ደም በአንባቢው ፊት አይፈስም፣ መርማሪው ብዙውን ጊዜ ፖሊስ ያልሆነ የሰፈር ሰው ነው፣ ትረካውም ከፈገግታ አይለይም። አንዳንዱ ተከታታይ ለአሥርተ ዓመታት ይዘልቃል። ለምሳሌነት የምጠቅሰው በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ የግል የምርመራ ቢሮ የከፈተችውን የማ ራሞትስዌን ታሪክ ነው። ደራሲው አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ተከታታዩ ዛሬ ከ20 መጻሕፍት አልፏል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አንባቢን ለሃያ መጻሕፍት የሚያመላልሰው ጥፋተኛውን የማወቅ ጉጉት አይደለም፤ ያ ጉጉት በየመጽሐፉ መጨረሻ ያልቃል። አንባቢው የሚመለሰው ከለመዳቸው ሰዎች ጋር እንደገና ለመቀመጥ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሡ ናቸው።

የመጀመሪያው እርምጃ መምረጥ ነው። ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ መደብሮች ወይም አስፋልት ዳር ከዘረጉት ሻጮች ዘንድ ሲደርሱ የጀርባ ሽፋኑን አንብበው አይወስኑ፤ ቆመው አሥር ገጽ ያንብቡ። በእነዚያ ገጾች የሚፈልጉት ሬሳውን ሳይሆን ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ነው። ሳቁ የሰውን ድህነት ወይም መልክ ከማንጓጠጥ የሚመጣ ከሆነ መጽሐፉን ይመልሱት፤ ሃያ መጻሕፍት ቀርቶ ሁለቱን እንኳ አይዘልቁትም። ሳቁ ከሰዎቹ ጠባይና ከኑሯቸው የሚመነጭ ከሆነ ግን ይያዙት። ማ ራሞትስዌ አባቷ ያወረሷትን ከብቶች ሸጣ ቢሮዋን ስትከፍት ካሏት ጥቂት ዕቃዎች መካከል አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያና ሦስት ኩባያዎች ይገኛሉ፤ አንዱ የእርሷ፣ አንዱ የጸሐፊዋ፣ ሦስተኛው የባለጉዳዩ። ባለጉዳይ ገና ሳይመጣ ኩባያው ተዘጋጅቶለታል። በዚህች ትንሽ ዝርዝር ውስጥ ድፍረትም፣ ተስፋም፣ ፈገግታም አለ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ካገኙ አያመንቱ።

ሁለተኛው እርምጃ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ ሻጭ «እያንዳንዱ ለብቻው ያልቃል» ብሎ ከመካከል ያለ መጽሐፍ ሸጠልኝ። ንግግሩ ግማሽ እውነት ነበረው፤ ምርመራው በእርግጥ በዚያው መጽሐፍ ያልቃል፣ የሰዎቹ ሕይወት ግን ይቀጥላል። በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ የሚተጫጩ ሁለት ሰዎች አሉ፤ የሠርጋቸው ጉዳይም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተጓተተ አንባቢውን ያስጨንቃል። እኔ መጨረሻውን ከመካከለኛው መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ስላወቅሁት ያንን ጣፋጭ ጭንቀት አጣሁት። ስለዚህ መጽሐፉን እንዳነሡ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ይግለጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተከታታዩ መጻሕፍት ዝርዝር እዚያ ይገኛል። ዝርዝሩ ከሌለ የባለመብትነት ገጹ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ኅትመት ዓመት ይመልከቱ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሙሉውን ተከታታይ በአንድ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። የጎደሉዎትን መጻሕፍት ርዕስ በወረቀት ጽፈው ከስልክ ቁጥርዎ ጋር ለለመዱት ሻጭ ይተዉለት፤ አሮጌ መጻሕፍት የሚገዛ ሰው የሚፈለገውን ካወቀ ዓይኑ ያርፍበታል። በማስያዣ መጽሐፍ የሚያከራዩም ስላሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነቡት የሚፈልጉትን መግዛት የለብዎትም። ከመግዛትዎ በፊትም ወመዘክርን ወይም በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን መጠየቅ አይከፋም።

ሦስተኛው እርምጃ አነባበቡን ማስተካከል ነው። በአንድ ሌሊት አይጨርሱት፤ አንዱን እንደጨረሱም ሌላውን ወዲያው አይክፈቱ። በእነዚህ ልቦለዶች ውስጥ ሳቅ የሚሠራው በመደጋገም ነው። የማ ራሞትስዌ ጸሐፊ ማ ማኩትሲ በቦትስዋና የጸሐፊነት ኮሌጅ 97 ከመቶ አምጥታ መመረቋን ሳታነሣ የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነቡት ተራ መረጃ ይመስላል፤ ከወራት በኋላ በሦስተኛው መጽሐፍ ሲመጣ ግን የጎረቤትን የታወቀ አባባል እንደ መስማት ነው። ሳይመጣ ይጠብቁታል፣ ሲመጣ ይስቃሉ፣ ውሎ አድሮም ያች ልጅ ከድህነት የወጣችበት ብቸኛ ምስክር ይህ ውጤት መሆኑ ሲገባዎ ሳቁ ወደ አክብሮት ይለወጣል። በተከታታይ ሲውጡት ግን ይኸው ነገር ድግግሞሽ ብቻ ይሆንብዎታል። በወር አንድ መጽሐፍ፣ በመካከሉም ሌላ ንባብ፣ ለእኔ ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በትንሽ ደብተር የሰዎቹን ስምና ልማድ መያዝም ይጠቅማል፤ በተለይ በቦትስዋና የሚነገረው የሴትስዋና ቋንቋ ስሞች ለጆሯችን እንግዳ ስለሆኑ መጀመሪያ ላይ ይምታታሉ።

ምርመራው እንዴት እንደሚያበቃም ያስተውሉ። ለአማርኛ አንባቢ የቅርብ የሚሆነው ይህ ይመስለኛል። ማ ራሞትስዌ ከምትይዛቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ ፍርድ ቤት አይደርሱም፤ ጥፋተኛው ጥፋቱን ያምናል፣ የወሰደውን ይመልሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ሽምግልና ሲካሄድ እያየ ላደገ ሰው ይህ እውነትን የመሸሽ መንገድ ሆኖ አይታየውም፤ ነገ በአንድ ደጃፍ የሚተላለፉ ሰዎች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የማሰብ ጥበብ ነው።

አራተኛውና እኔ አብልጬ የምወደው እርምጃ ከሰው ጋር ማንበብ ነው። አራት ኪሎ ባለው ቤታችን ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ለእናቴና ለሁለት ጎረቤቶቻችን ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ በቃል እየመለስኩ አነባለሁ። አቦል ላይ ባለፈው ሳምንት የደረስንበትን አስታውሳለሁ፣ ቶና ላይ አንድ ምዕራፍ እናነባለን፣ በረካ ላይ እያንዳንዱ ጥፋተኛ ነው የሚለውን ሰው ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከረከቦቱ ሥር ያስቀምጣል፤ ወረቀቱ መፍትሔው እስኪነበብ አይከፈትም። ቀድሞ ያነበበ ሰው መናገር አይፈቀድለትም።

በቃል ሲተረጉሙ የአክብሮት አጠራሩን አይጣሉት፤ ከሳቁ ግማሹ እዚያ ነው። «ማ» በሴትስዋና ለሴት፣ «ራ» ለወንድ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እኔ መጀመሪያ «ወይዘሮ» እያልኩ ተረጎምኩት፤ ቢሮ ቢሮ ስለሸተተኝ ለማ ራሞትስዌ «እትዬ» አልኩ፣ ንግግሩም ወዲያው ነፍስ ዘራ። በታሪኩ ውስጥ ያለውን መካኒክ ግን «አቶ ጄ. ኤል. ቢ. ማቴኮኒ» ብዬ ተውኩት፤ በጣም የምትቀርበው ሴት እንኳ በእነዚህ ፊደላት ከነማዕረጉ ስለምትጠራው፣ ቢያሳጥሩት ቀልዱ ይጠፋል። በሦስተኛው መጽሐፍ ማ ማኩትሲ ውጤቷን እንደገና ስታነሣ እናቴ ቡናውን መቅዳት አቁማ፣ «ይቺ ልጅ ዛሬም ዘጠና ሰባቷን አልረሳችም?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ተከታታዩ ቤታችን የገባው ያን ቀን ነው።

በመካከል ደከም ያለ መጽሐፍ ቢያጋጥምዎ አይዝለሉት፤ ቀስ ብለው ይለፉት። ረጅም ተከታታይ ሁሉ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አያጣም፣ ለኋላ የሚፈለግ አንድ ትንሽ ነገርም ብዙውን ጊዜ እዚያው ውስጥ ይቀመጣል።

እኛ አሁን አራተኛውን ጨርሰን አምስተኛውን ከሻጩ ዘንድ አስመዝግበን እየጠበቅን ነው። እናቴ በየቅዳሜው «ሠርጉ መቼ ነው?» ትለኛለች፤ እኔም የራሳችንን ሕግ አክብሬ ስኒውን አቀብላታለሁ።